ሐዋሳ ላይ አይፎን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከሲሙ ሥር ያለውን እዩ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ካሉት የስልክ ሱቆች አንዱ ገብቼ ባለ ሁለት ሲም ሳምሰንጌን አስረከብኩ፤ 38,000 ብር ጨምሬበት አይፎን 11 ይዤ ወጣሁ። ሱቁን ታውቁታላችሁ፤ ዕቃው ሁሉ «ዘመድ ከአሜሪካ የላከው» የሆነ፣ ልጆቹ «እህቴ» ሲሉ ከአፋቸው ማር የሚንጠባጠብ።

የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም እሸጣለሁ። በአሮጌው ስልኬ የጥለቱ ቀለም ስለሚደበዝዝ ካሜራ ካሜራ ስል ከርሜአለሁ። ባለ 12 ሜጋፒክስል ሁለቱን ካሜራዎች ሞከርኩ፤ የባትሪውን መቶኛ አየሁ፤ 64 ጊጋባይት መሆኑን አረጋገጥኩ። ደንበኛ ሲመጣ «ቀሚሱን ገልብጪና ስፌቱን እዪ» የምል ሴት፣ የሲም ማስገቢያውን ራሴ አልከፈትኩም።

«ሲሜን ላስገባው» ስል ልጁ ከእጄ ተቀበለኝ። «ተይ፣ እኔ እያለሁ ጥፍርሽን ትሰብሪያለሽ?» አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለ። ቆየት ብሎ ቀና ሲል ስልኩ 4ጂ ይላል። ወደ እሱ ስልክ ደወልኩ፤ ጠራ። «አየሽ?» አለኝ። ለጥፍሬ ስላሰበልኝ አመሰገንኩት። አመሰገንኩት እኮ!

ማታ የሳፋሪኮም ሲሜን ልሞክር ማስገቢያውን ስስበው፣ ከ09 ሲሜ ጋር የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ነገር ምንጣፉ ላይ ወደቀ። የፋብሪካ ላስቲክ መስሎኝ ከቆሻሻው ጋር ጠርጌ ጣልኩት። 07ቱን አስገባሁ፤ «ሲም ኖት ሰፖርትድ»። 09ኙን መለስኩ፤ ያው ነው።

ነገሩን ያስረዳኝ ስልክ የሚጠግን የወንድሜ ጓደኛ ነው። አሜሪካ በየወሩ እየተከፈለ የሚሸጥ ስልክ ብዙ ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ በሸጠው ኩባንያ ኔትወርክ ብቻ እንዲሠራ ይቆለፋል። የጣልኩት ልጣጭ ቺፕ ነበር፤ ከሲሙ ጋር ተደርቦ፣ የዚያ ኩባንያ ሲም የገባ አስመስሎ ስልኩን ያታልለዋል። ስልኩንም እኔንም።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ትናንት «እህቴ» ሲል የነበረው ልጅ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ካሜራ አይደል የፈለግሽው? ካሜራው አይሠራም እንዴ?» አለኝ። ጓደኛው ሳቀና «በዋይፋይ ተጠቀሚበት» ብሎ ጨመረበት። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ለውጡልኝ ወይም ገንዘቤን መልሱልኝ የማለት መብት ይሰጠኛል ብዬ ተከራከርኩ። «ደረሰኝሽን አምጪያ» አለኝ። ደረሰኝ! ያለ ደረሰኝ 2,000 ብር ስለቀነሰልኝ እንደ ብልጥ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። በሩ ጋ ስደርስ ሳምሰንጌ መስታወቱ ውስጥ ዋጋ ተለጥፎበት ተቀምጧል።

ለማንኛውም፣ ሲማችሁን ራሳችሁ አስገቡ። ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ «ኬሪየር ሎክ» ከሚለው አጠገብ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የማይል ከሆነ ስልኩን አስቀምጣችሁ ውጡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አይፎን 14 ደግሞ የሲም ማስገቢያ ጭራሽ የለውም፤ አትሸወዱ።

ሁለቱም ሲሞቼ አሁን በእናቴ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ደንበኞች ደውለው «ፎቶ ላኪልን» ብለውኛል። ፎቶው ቆንጆ ወጥቷል፤ ለመላክ ግን ጎረቤት አጥር ሥር ሄጄ ዋይፋያቸውን መለመን አለብኝ።