ያማሃ አርኤክስ-ቪ385 ከ11 ወር በኋላ፦ ስድስት ሆኖ ተነሥቶ ሁለት ሆኖ የሚደርስ ድምፅ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰራውንድ (ከፊትም ከኋላም የሚከብ ድምፅ) እየሰማሁ መስሎኝ ነበር። አምስቱም ስፒከሮች ይሰማሉ፤ ሰብውፈሩ ወለሉን ያንቀጠቅጣል፤ ከዚህ በላይ ምን እንደሚጠበቅ አላውቅም ነበር። አንድ ማታ ፊልሙን አቁሜ ከያማሃው ሪሲቨር (ድምፅ ተቀብሎ ለስፒከሮቹ ከሚያከፋፍለው ማሽን) ፊት በርከክ አልኩና የመረጃ ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩ። የግብዓቱ ስም አለፈ፣ የድምፅ ስልቱ ስም አለፈ፣ ቀጥሎ «ፒሲኤም» (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) የሚል ቃል ማሳያው ላይ ብቅ አለ። ፊልሙ የተዘጋጀው በዶልቢ 5.1 ነው፤ ማለትም ለአምስቱ ስፒከሮችና ለሰብውፈሩ ስድስት የተለያዩ ድምፆች (ቻናሎች) አሉት፤ ቴሌቪዥኑ ላይም የዶልቢ ምልክቱ ታይቷል። ወደ ሪሲቨሩ የገባው ግን የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነበር። ሳላውቅ የመረጥኩት «ባለ አምስት ቻናል ስቴሪዮ» የተባለው ስልት እነዚያኑ ሁለት ድምፆች ለሁሉም ስፒከር ያድል ነበር። ስድስት ሆኖ የተነሣው ድምፅ ሁለት ሆኖ ደርሷል።

ከኋላዬ ድምፅ መስማቴ ብቻውን ማረጋገጫ አለመሆኑን የተረዳሁት ያን ማታ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሙሉ ያ ቃል ለምን እንደወጣና እንዴት እንደሚለወጥ በመፈለግ ያለፉ ናቸው።

መሣሪያውን ባጭሩ ላስተዋውቅ። በ2018 ገበያ ላይ የወጣ ባለ 5.1 ቻናል የድምፅ ሪሲቨር ነው፤ ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያስተላልፈው የኤችዲኤምአይ ገመድ አራት መግቢያና አንድ መውጫ አለው። ዶልቢ ትሩኤችዲን እና ዲቲኤስ-ኤችዲ ማስተር ኦዲዮን (ጥራት ሳይቀንሱ ድምፅ የሚያምቁ ሁለት ዘዴዎችን) ይፈታል፤ ከላይ የሚመጣ ድምፅ የሚጨምረው ዶልቢ አትሞስ ግን የለውም። ከቴሌቪዥኑ የሚመለሰውን ድምፅ የሚቀበለው በኤአርሲ (በዚያው በኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፅን ወደ ኋላ በሚመልሰው መንገድ) እንጂ በአዲሱ ኢኤአርሲ አይደለም። ይህን ሁሉ ከመግዛቴ በፊት አውቅ ነበር፤ አምስት ስፒከር ብቻ ለሚይዝ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይበቃኛል ብዬ ነው የመረጥኩት፤ ዛሬም በዚያው ሐሳብ ነኝ።

መጀመሪያ መርካቶ ፈልጌ ነበር። «ሪሲቨር አላችሁ?» ስል የሚያወጡልኝ የዲሽ ሪሲቨር ነው። «አምፕሊፋየር» ስላቸው ደግሞ ለሠርግ አዳራሽ የሚሆን ግዙፍ ማሽን አሳዩኝ። አንዱ ባለ ሱቅ በትዕግሥት አዳምጦኝ «ወንድሜ፣ አንተ የምትለው የሆም ቴአትሩን ዓይነት ነው፤ ለብቻው ሲመጣ አላየሁም» አለኝ። በመጨረሻ አክስቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ፣ ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ዕቃ ከልብሷ ቀንሳ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። እግዚአብሔር ይስጣት።

ከአሜሪካ ዕቃ ለምታስመጡ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጀርባውን ሳታነቡ አትሰኩ። እዚያ የሚሸጠው ሞዴል 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ተጽፎበታል፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቴሌቪዥንና የላፕቶፕ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ስለሚቀበሉ ሰው ይዘናጋል፤ ይህ ግን በቀጥታ ቢሰካ ያቃጥለዋል። እኔ ባለ 1000 ዋት ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ገዛሁ፤ ከፊቱም ስታቢላይዘር አለ። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን ስለማይለውጥ የሪሲቨሩ ክዳን ከሚጠበቀው ትንሽ ሊሞቅ እንደሚችል ገምቼ ከላዩ ምንም አላስቀምጥም፤ ረጅም ፊልም ሲያልቅም በእጄ እዳስሰዋለሁ። እስካሁን እጅ የሚያስነሣ ሙቀት አላገኘሁበትም። ትራንስፎርመሩ ራሱ ግን ጸጥ ባለ ሌሊት ድምም ይላል፤ ከመደርደሪያው አውጥቼ ሶፋው ጥግ ወለል ላይ ሳስቀምጠው ተሻለኝ።

ወደ «ፒሲኤም» ልመለስ። የመጀመሪያው ጥፋተኛ የቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ነበር። በድምፅ ዝርዝር ውስጥ ገባ ተብሎ የሚገኝ «የዲጂታል ድምፅ ውጤት» የሚል ምርጫ አለ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ፒሲኤም ላይ ነበር። እሱን ወደ «አውቶ» ሳዞረውና በፊልሙ ውስጥ ካሉት የድምፅ ምርጫዎች 5.1 የሚለውን ስመርጥ፣ ሪሲቨሩ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ አሰማና ማሳያው ላይ ዶልቢ ዲጂታል የሚለው ስም ወጣ። ያቺን ቀጭታ አሁንም እወዳታለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ገመዱን ራሱ ያለ ቦታው ሰክቼው ነበር፦ ቴሌቪዥኔ ካሉት ሦስት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች ኤአርሲ የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነው። በሌላው ከተሰካ ከሪሲቨሩ የሚመጣው ምስል በደንብ ይታያል፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ግን ወደ ሪሲቨሩ አይመለስም። በሁለቱም በኩል አንዱ መሣሪያ ሌላውን እንዲያዝ የሚፈቅደው ሲኢሲ የሚባለው ምርጫ መከፈት አለበት፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ስም ስለሚያወጣለት በቴሌቪዥኑ ዝርዝር ውስጥ መለየቱ ጊዜ ይወስዳል።

ኤአርሲ ለምን ሁሉንም እንደማያሳልፍ ስገነዘብ ብዙ ነገር ገባኝ። በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ሲመጣ የተሰጠው ቦታ ባልታመቀ ድምፅ ሁለት ቻናል የሚያስኬድ ነው። ሒሳቡን አስሉት፦ አንድ ቻናል በሴኮንድ 48,000 ናሙና፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፤ ለሁለት ቻናል በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት ያህል፣ ለስድስት ቻናል 4.6 ሜጋቢት ይሆናል። ስድስቱ አይገቡም። ዶልቢ ዲጂታል ግን ስድስቱን ድምፆች አምቆ ቢበዛ በ640 ኪሎቢት ስለሚሸከማቸው በዚያች በር በቀላሉ ያልፋል። በ2017 በኤችዲኤምአይ 2.1 መስፈርት የመጣው ኢኤአርሲ እስከ 37 ሜጋቢት ስለሚፈቅድ ትሩኤችዲም ያልታመቀ 7.1ም ያልፍበታል። ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈውን ኦፕቲካል ገመድም ሞክሬው ነበር፤ በኔ ቤት ከኤአርሲ የተለየ ምንም አልጨመረም፤ የድምፁን መጠን ለማስተካከል ግን ሁለተኛ ሪሞት ፍለጋ ያስነሣኝ ነበር።

በጣም ያደከመኝ ዲቲኤስ፣ የዶልቢ ተፎካካሪ የሆነው የድምፅ ማመቂያ ዘዴ፣ ነው። ወንድሜ በሀርድ ዲስክ የሰጠኝን የኮንሰርት ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ላይ ስሰካው ምስሉ ይሄዳል፤ ድምፅ የለም፤ «ይህ የድምፅ ዓይነት አይደገፍም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ስፒከር አይደለም፣ ገመድ አይደለም። ከ2018 ወዲህ ዲቲኤስን ከቴሌቪዥኖቻቸው ያወጡ አምራቾች አሉ፤ የእኔ ቴሌቪዥንም ከእነዚያ ወገን ሆኖ ተገኘ። ራሱ አለመፍታቱ ባልከፋ፤ ይባስ ብሎ መፍታት ለሚችለው ሪሲቨርም አያሳልፍለትም። ቤት ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እያለ በር ላይ ያለው ዘበኛ እንግዳውን መለሰው ማለት ነው። ቴሌቪዥን ስትገዙ ስለምስሉ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ ዲቲኤስ ድምፅ ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት።

መፍትሔው ቴሌቪዥኑን ከመንገዱ ማውጣት ነበር። አንዲት ትንሽ አንድሮይድ ቦክስ ገዝቼ በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በራሱ በሪሲቨሩ መግቢያ ሰካኋት፤ በማስተካከያዋም ድምፁን ሳትፈታ እንዳለ እንድታሳልፍ አዘዝኳት። ቪዲዮው እንደተከፈተ ቀጭ! ማሳያው ላይ ዲቲኤስ። የዚህ ምክንያት ቀላል ነው። ሁለት መሣሪያዎች በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ ተቀባዩ «እኔ የምቀበለው ይህን ይህን ነው» የሚል ዝርዝር ለሰጪው ያቀርባል፤ ኢዲአይዲ ይሉታል። ቦክሷ ቴሌቪዥኑ ላይ ስትሰካ የምታነበው የቴሌቪዥኑን አጭር ዝርዝር ነው፤ ሪሲቨሩ ላይ ስትሰካ ግን የሪሲቨሩን ረጅም ዝርዝር ታገኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲሹንም የልጆቹን የጨዋታ ማሽንም ወደ ሪሲቨሩ አዛወርኳቸው። በኤአርሲ የሚመለሰው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት መተግበሪያዎች ድምፅ ብቻ ነው። የአራቱን መግቢያዎች ዋጋ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ አሁን አንዱ ብቻ ክፍት ቀርቷል።

የዲሹ ነገር ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ፦ የምናያቸው የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ድምፅ ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) ነው፤ ሪሲቨሩ ያልተላከለትን አይፈጥርም። ሁለቱን ቻናል ወደ አምስት የሚዘረጋ ስልት አለው፤ ለድራማ መጥፎ አይደለም፣ ንግግሩን ወደ መካከለኛው ስፒከር ይሰበስበዋል። ለመዝሙርና ለሙዚቃ ግን ሳይነካካ የሚያጫውተውን «ስትሬት» የሚለውን ቁልፍ እጫናለሁ፤ የበገናው ድምፅ ግራና ቀኝ ሲበተን ደስ አይልም።

ሁሉንም በሪሲቨሩ ካሳለፍኩ በኋላ አንድ አዲስ ችግር መጣ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁ ግን በቀጥታ ወደ ስፒከር ስለሚሄድ ቀድሞ ይደርሳል። ሪሲቨሩ ድምፁን የሚያዘገይ ማስተካከያ አለው፤ ስንት ላይ እንደሚሆን ለማወቅ የተጠቀምኩት ዜና አንባቢዎችን ነው። አንባቢዋ «ሰላም» ስትል «ም» ላይ ከንፈሯ መገጠም አለበት። ዓይኔን ከንፈሯ ላይ ተክዬ፣ ድምፁን አሥር አሥር ሚሊሴኮንድ እያዘገየሁ፣ «ም» የሚለው ከከንፈሯ ጋር እኩል እስኪዘጋ ድረስ ሄድኩ። በእኔ ቤት 90 ላይ ቆመ። ‹በ›፣ ‹መ›፣ ‹ጰ› እና ‹ፐ› ያሉባቸውን ቃላት ጠብቁ፤ በሌሎቹ ፊደላት ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

የእያንዳንዱን ስፒከር የድምፅ መጠን የሚለካውን የሪሲቨሩን ማይክሮፎን ለመጠቀም ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔን ደብሊው-1 የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ትርጉሙ የአንዱ ስፒከር አዎንታዊና አሉታዊ ገመድ ተገላብጧል ነው። ስፈትሸው እውነትም የግራው የኋላ ስፒከር ቀዩ በጥቁሩ ቦታ ገብቷል። ባይነግረኝ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው እሰማው ነበር።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤአርሲ አንዳንዴ ይጠፋል፤ በ11 ወር ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ገጥሞኛል። ሁለቱንም ከሶኬት ነቅዬ ጥቂት ደቂቃ እቆይና መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥሎ ሪሲቨሩን እከፍታለሁ፤ ይመለሳል። ከቦክሷና ከዲሹ የሚመጣው ድምፅ ግን በኤአርሲ ስለማይሄድ ይህ አይነካውም፤ በቀጥታ የመሰካቱ ሌላ ጥቅም ነው።

ማን ይግዛው? ሳሎኑ ትንሽ የሆነ፣ አምስት ስፒከር የሚበቃው፣ ቦክስና ማጫወቻዎቹን በቀጥታ የሚሰካ ሰው በዋጋው ይረካል። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ የሰው ንግግር ጎልቶ ይሰማል፣ እስካሁን አንድም ጊዜ አልተበላሸብኝም። አትሞስን የሚፈልግ ወይም ሁሉንም ነገር ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ መገላገል የሚሻ ግን ኢኤአርሲ ያለው ሪሲቨር ይፈልግ፤ ቴሌቪዥኑም ኢኤአርሲ ይኑረው፤ አንዱ ብቻ ካለው ግንኙነቱ ወደ ኤአርሲ ይወርዳል።

ባለፈው ሐምሌ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ አብረን ፊልም ስናይ፣ መሀል ላይ ብድግ ብላ ወደ በረንዳው ሄደች። «እማዬ፣ ምነው?» አልኳት። «ዝናቡ መጣ እኮ፤ ልብሱን ላንሣ» አለችኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የሚዘንበው ከኋላዋ ባሉት ሁለት ስፒከሮች ነው። እሷ በረንዳው ላይ እያለች ማሳያውን አየሁት፤ ዶልቢ ዲጂታል ይላል።