ለአረጋውያን መጸዳጃ ቤት የትኛው መደገፊያ ይሻላል? መምጠጫው፣ ኒኬሉ ወይስ የብየዳ ቤቱ

ጎጃም ውስጥ ጉልበታቸው ለደከመ አባት ወይም እናት የመጸዳጃ ቤት መደገፊያ የሚፈልግ ሰው ሦስት ምርጫ አለው፦ በጎማ መምጠጫ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ፣ ብዙ ሰው ኒኬል የሚለው የሚያብረቀርቅ ቱቦ፣ እና ብየዳ ቤት የሚያሠሩት ብረት። በዋጋም በመልክም ይለያያሉ። አረጋዊን ከመውደቅ የሚያድነው ግን መደገፊያው የታሰረበት ነገር ነው፤ ሦስቱንም የመዘንናቸው በዚያ ነው።

መምጠጫው ይቅር። ጎማውን ግድግዳ ላይ ተጭኖ የሚይዘው የአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ወደ ደጋ በወጡ ቁጥር ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ መምጠጫው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያጣል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ሩብ ያህሉን። በዚያ ላይ የሚይዘው ለስላሳ ሴራሚክ ብቻ ነው። ሊሾና ቀለም የተቀባ ልስን አየር ያሳልፋሉ፤ ሁለት ሴራሚክ የሚጋጠምበት መስመርም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከፋው ሳያስታውቅ መላቀቁ ነው። ማታ ጠብቆ ያደረው ጠዋት እጅ ሲያርፍበት ይነቀላል።

ኒኬሉ ለብሎኬት ቤትና ለኮንዶሚኒየም ይሆናል፤ ግን የፎጣ መስቀያ አለመሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የፎጣ መስቀያ ቀጭን ነው፤ እግሩም በአንድ ወይም በሁለት ትንንሽ ብሎን ይታሰራል። እውነተኛው መደገፊያ በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ያህል ቀዳዳ ያለው ክብ ዝርግ አለው። በቱቦውና በግድግዳው መካከል 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር፤ ከጠበበ ጣት አይዞርበትም፣ በጣም ከሰፋ ደግሞ ሲንሸራተቱ ክንድ ገብቶ ሊሰበር ይችላል።

ድክመቱ አብሮት የሚመጣው ብሎንና ፊሸር (ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) ነው። አብዛኛውን ጊዜ አጭር ስለሆነ ሴራሚኩና ልስኑ ግማሹን ይውጡታል፤ የቀረው የሚያርፈው በስሱ የብሎኬት ገጽ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠንካራ ይመስላል። አረጋዊው በየቀኑ ሲጎትቱት ግን ፊሸሩ ዙሪያውን እየፈጨ ይላላል። መፍትሔው ግድግዳውን ወዲያ ማዶ ድረስ መብሳት ነው፦ በዝርጉ ቀዳዳ ልክ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ዘንግ አሳልፎ፣ በውጭ በኩል 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ አድርጎ ማሰር። ለ15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከነልስኑ ከ20 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ይበቃል። ትራፓኖው ሴራሚኩን እስኪያልፍ ሳይመታ ይዙር፤ መምቻው ቀድሞ ከበራ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል።

ብዙ የጎጃም አረጋውያን ግን የሚኖሩት በባሕር ዛፍ ቋሚና በጭቃ በተሠራ ቤት ነው፤ መጸዳጃውም ጓሮ ነው ያለው። ጭድ የገባበት ጭቃ ምን ቢደርቅ ብሎን አይዝም፤ ማገሩም ቀጭን ነው። የብየዳ ቤቱ ሥራ ሌሎቹን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳውን ጭራሽ አይነካም። እንደ በር መቃን ሁለት እግርና አንድ አግዳሚ ኖሮት መሬት ላይ ይተከላል። ለጎጃም ቤት ምርጫችን ይህ ነው፤ በደንብ ከታዘዘ።

ቱቦው ክብ፣ ባለ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ይሁን፤ የውጭ ስፋቱ 33.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የደከመ እጅም ይጨብጠዋል። ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ቢቀርብልዎ አይቀበሉ፤ ጠርዙ መዳፍ ይቆርጣል። የሚበየድበት ቦታ ላይ ዚንኩ አስቀድሞ በግራይንደር ይላጥ፤ ሳይላጥ ሲበየድ ጭሱ በያጁን ይመርዛል፣ ብየዳውም ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የተላጠው ቦታ ሁለት ጊዜ አንቲረስት ይቀባ። ክፍት የቀረ የቱቦ ጫፍ አይኑር፤ የጋቢ ጥለት ይይዛል፣ ውኃም ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል።

አግዳሚው ከመሬት ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ትክክለኛውን ልክ የሚሰጡት ግን አረጋዊው ራሳቸው ናቸው። መጸዳጃው ላይ ከሚቀመጡበት ወንበር ሲነሡ እጃቸው የት እንደሚያርፍ አይቶ መለካት ነው። እግሮቹ 50 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ገብተው በኮንክሪት ይያዙ፤ ታችኛው ጫፍ ላይ አጭር ፌሮ አግድም ቢበየድበት አይነቀልም። ኮንክሪቱ ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ የክረምት ውኃ እግሩ ሥር ከተኛ ብረቱ መጀመሪያ የሚበላው እዚያው ነው።

አብዝቶ የሚሳሳቱት በቦታው ላይ ነው። ጉድጓዱ በእንጨት ተረብርቦ በጭቃ የተለበጠ ከሆነ፣ እግሮቹን ርብራቡ ላይ መትከል ትልቅ አደጋ ነው፤ ምስጥ የበላው እንጨት አረጋዊውን ይዞ ሊሰምጥ ይችላል። እግሮቹ ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቀው፣ ባልተቆፈረ መሬት ላይ ይቁሙ። አግዳሚው በዚህ ምክንያት ከ1.2 ሜትር በላይ ከረዘመ ባለ 1 ኢንች ከሩብ ቱቦ ይታዘዝ፤ ቀጭኑ መሐል ላይ ይጎብጣል።

አብሮ የሚታዘዝ ባለ ቀዳዳ የብረት ወንበርም አለ፤ ቁመቱ አረጋዊው ጫማቸውን አድርገው ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው መታጠፊያ ባለው ልክ ይሁን፤ ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ይጨመር። መቀመጫውን የቆረጡት የፕላስቲክ ወንበር በእርጥብ ሊሾ ላይ እግሩ ይከፈታል፣ ፀሐይ ያገኘው ደግሞ ይሰነጠቃል፤ በምንም መልኩ አይተካውም።

የብረቱ ጉድለት ብርዱ ነው። በጮቄ ዙሪያ ጠዋት ጠዋት ባዶ ብረት መጨበጥ ይከብዳል፤ አረጋውያን እጃቸውን በጋቢ ሸፍነው ሲይዙት ደግሞ ያዳልጣቸዋል። ያረጀ የብስክሌት ውስጠኛ ጎማ በቀጭኑ ቆርጦ፣ ወጥሮ መጠምጠም ብርዱንም ማዳለጡንም ይከላከላል። ባሕር ዳር ላይ ይህ ጎማ አይጠፋም።

ኮንክሪቱ ሳምንት ውኃ ከጠጣ በኋላ፣ አረጋዊው ከመያዛቸው በፊት፣ አግዳሚው መሐል ላይ አንድ ኩንታል እህል በገመድ ይንጠልጠል። የአሜሪካ መመዘኛ 113 ኪሎ ግራም ያህል እንዲችል ስለሚጠይቅ፣ ኩንታሉ ላይ አንድ 15 ኪሎ ቢደረብ ይሞላል። ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ ይገፋ፤ እግሩ ሥር መሬቱ ከተሰነጠቀ ኮንክሪቱ አንሷል። ይህ ፍተሻ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን አለስልሶ ሲወጣ፣ ይደገም። በያጁ ሳይሄድም ምርኩዝ የሚሰቀልበት አንድ መንጠቆ አግዳሚው ጫፍ ላይ ያስበይዱ፤ ምርኩዙ መሬት ከወደቀ አረጋዊው ሊያነሡት ማጎንበሳቸው አይቀርም።