ፎቶ ሳያነሱ አስቤዛ ለሰጡኝ ሰዎች

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ጭምር። ደሞዙ ከወሩ በፊት የሚያልቅበት፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለአስቤዛ የሚቸገር ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አንዱ ነኝ። በአቅራቢያችሁ በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት የምግብ ማከፋፈያ ካለ ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ።

እኔ ያመነታሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። ደጅ ላይ አሰለፉን። ችግራችንን ሰው ሁሉ በሚሰማበት ጮክ ብለን እንድናስረዳ አደረጉን። ወረቀት አምጣ፣ ሌላ ወረቀት አምጣ፣ ይኼኛው ማህተም የለውም። በመከራ ከረጢቱ እጄ ሲገባ አንዱ ካሜራውን ደግኖ «ትንሽ ከፍ አድርገህ ያዘው» አለኝ። ፈገግ በል ሁሉ ተብያለሁ! ፎቶው ተለጠፈ። ልጄ ወሬውን ከትምህርት ቤት ሰምታ መጣች፤ ምንም አልጠየቀችኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ቤት ስንፈታው ደግሞ ከጣሳዎቹ ግማሾቹ አብጠዋል። ጣልናቸው። ቤቱ ባዶ ሆኖ ምግብ መጣል ምን እንደሚመስል የጣለ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጎረቤታችን ስለዚህኛው ቦታ ስትነግረኝ ጆሮዬን አልሰጠኋትም። ባለቤቴ ናት ገፋፍታ የላከችኝ።

በሩ ላይ የተቀበሉኝ በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ናቸው። መታወቂያዬን አዩ፣ መለሱልኝ፣ አለቀ። ለምን ቸገረህ የሚል ጥያቄ የለም። የጠየቁኝ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ? ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው አለ? ለውዝ የማይስማማው ልጅስ? ማብሰያችሁ ይሠራል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ግራ አጋባችኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ማብሰያ የሌለው ሰው ደረቅ ሩዝ ተሸክሞ ቢሄድ ምን ያደርግለታል?

ከዚያ ባዶ ቅርጫት ሰጡኝና «ግባ ልጄ፣ ቤታችሁ የሚበላውን አንተ ነህ የምታውቀው» አሉኝ። ውስጡ እንደ ሱቅ በመደርደሪያ የተሞላ ነው። ተዘጋጅቶ የታሰረ ከረጢት የለም። እኔ ነኝ የምመርጠው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን መደርደሪያዎቹ መሃል ቆሜ እንባዬ መጣ።

እናታችን ቅርጫቴን ዝም ብለው አላለፉትም። የታሸገ ፍራፍሬ ይዤ ነበር፤ አወጡትና መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡ። «ይሄ ስኳር ውስጥ የተዘፈዘፈ ነው፤ ለእናትህ ይሄኛው ይሻላል» ብለው በሌላ ቀየሩልኝ። እናቴ ስኳር እንዳለባት የነገርኳቸው በር ላይ፣ በአንዲት ቃል ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልረሱትም።

ቀኑ ያለፈ የመሰለኝን ፓስታ አገላብጬ ሳይም ደረሱብኝ። እሽጉ ላይ ከሚጻፈው ቀን አንዳንዱ ስለ ጥራት ነው የሚናገረው፣ ደረቅ ምግብ ቢያልፍበትም በደንብ ከተቀመጠ ይበላል አሉኝ። አንዳንዱ ግን ከዚህ በኋላ አትብሉ የሚል ነው፤ እሱን መደርደሪያ ላይ አያወጡትም። ያበጠ ጣሳማ ሲመጣ ወዲያው ይጣላል። ዝርዝሩን ሁሉ ያዝኩት አልልም፤ እሳቸው መያዛቸው ይበቃኛል።

ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል ብዬ ጠየቅኩ። ሱቆችና አከፋፋዮች ሳይሸጡ የሚተርፋቸው አለ፣ ካርቶኑ ስለተጨማደደ ብቻ የሚመልሱት አለ፣ በመዋጮ የሚገዛም አለ። እግረ መንገዳቸውን ታሪኩንም አጫወቱኝ። የመጀመሪያው የምግብ ባንክ፣ ማለትም የተረፈ ምግብ ሰብስቦ ለቸገረው የሚያደርስ ድርጅት፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ፣ ፊኒክስ ከተማ ነው። መሥራቹ ጆን ቫን ሄንግል ይባላል። ሐሳቡን የሰጠችው ግን ሱቅ ከሚጥለው ምግብ እየለቀመች ልጆቿን ታበላ የነበረች እናት ናት ይባላል። ከሰጪው ሳይሆን ከቸገረው ወገን የመጣ ሐሳብ መሆኑ ደስ ብሎኛል።

ፎቶስ? ግድግዳው ላይ በትልቁ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ይላል። እግዜር ይስጣቸው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።

የምትሄዱ ሰዎች ጠንከር ያለ ዘንቢል ያዙ፣ ቀድማችሁ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቁ፣ ቤት ውስጥ ሕመም ካለ ሳታፍሩ ተናገሩ። መሸከም የማይችል አዛውንት ካለም ንገሯቸው፤ እኔ ያለሁ ጊዜ አንድ ወጣት ለአንዲት እናት ቤታቸው ድረስ ሲያደርስ አይቻለሁ። አድራሻውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ማን ጠየቀኝ ብዬ ለማንም አላወራም።

መስጠት የምትችሉ ደግሞ ከቤት የተረፈውን ከመጫናችሁ በፊት ምን እንደጎደለ ጠይቋቸው። ገንዘብ ከሆነ በጅምላ ስለሚገዙበት ብዙ ቤት ይደርሳል። ሳሙና፣ ሞዴስና የሕፃን ዳይፐር የሚያመጣ ሰው ጥቂት ነው ብለውኛል፤ እኔ ስሄድ የዳይፐሩ መደርደሪያ ባዶ ነበር።