ትንሽ ቶርኖ ቤት፣ ትልቅ ፑሌጃ

የወፍጯችን ፑሌጃ (ቀበቶ የሚዞርበት ክብ ብረት) የመሃል ቀዳዳው ተበልቶ ሞላላ ሆነ። የፑሌጃው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 55 ሳንቲ ሜትር ነው። የሄድንበት ትልቅ ጋራዥ «አዲስ ግዙ» ብሎ ሸኘን። እሺ፣ ከየት?

በመጨረሻ ለሁለት ተሸክመን እዚሁ ሰፈር፣ መኖሪያ ግቢው ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ተክሎ የሚሠራ ሰውዬ ጋ ወሰድነው። ማሽኑ ከ40 ሳንቲ በላይ አያዞርም፣ እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ግን ከማሽኑ አልጋ ላይ ተነቃይዋን ብረት ፈታ፣ ጉድጓድ ተከፈተ፣ ፑሌጃውም ገባ። የማሽኑ መንጋጋ ስለማይጨብጠው በማሽኑ ላይ የሚገጠም ሰፊ የብረት ሳህን ላይ በብሎን አሰረው፣ ከዚያ መሃሉን ለማግኘት ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ በዲያል ጌጅ (ጥቂት መዛነፍን እንኳ በሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ) ሲያንኳኳና ሲለካ ቆየ (ቡና ሁለት ጊዜ ተፈላ)። በዝግታ፣ ስስ ስስ እያደረገ ቀዳዳውን ካሰፋ በኋላ ቡሽ (ቀዳዳውን መልሶ የሚያጠብ የብረት ቀለበት) አስገባበት። የቁልፉን ቦይ (ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው ትንሽ ብረት የሚገባበትን) ደግሞ ማሽኑን አቁሞ፣ ስለቱን በእጁ ወዲያ ወዲህ እየገፋ ቆረጠው። ክንዱን አያሳጣው!

ቅሬታዬ? «ነገ» ያለው ሦስት ቀን ሆነ፣ ደረሰኝም የለውም። ወፍጮው ግን ዛሬ ሳይንቀጠቀጥ እየፈጨ ነው።