ግሽ ዓባይ ጠበል፦ ለተጨነቀ ልብ የሚሰጠው አገልግሎት

በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ቅዱስ ሚካኤልና አቡነ ዘርዐ ብሩክ ጠበል ብዙ የተነገረለት ቦታ ነው፤ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዓባይ መነሻ ስለ መሆኑ እንጂ እዚያ ሄዶ የሚጠመቀው ሰው ስለሚያገኘው አገልግሎት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ጉዳይ ነው። አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሐዘን ወይም በፍርሃት ምክንያት እንቅልፍ ያጣ፣ ከቤት መውጣት የከበደው ሰው እዚያ ቢሄድ ይጠቀማል ወይ ተብዬ ብጠየቅ መልሴ አዎን ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ሰው ከሚጠብቀው በሌላ በኩል ይመጣል።

ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው በዋናው መንገድ መጥቶ ቲሊሊ ላይ ይወርድና ወደ ሰከላ የሚሄድ መኪና ይይዛል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው አስቀድሞ መጠየቅ በዚህ ዘመን ግድ ነው። ሀገሩ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ብርዳም ደጋ በመሆኑ ጋቢ ሳይዙ መሄድ አይመከርም። ከምንጩ የሚነሣው ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 እዚህ ደርሶ ከምንጩ ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጊዮርጊስ ሦስተኛ ጤና ተመኝቶ ጠጥቷል፤ የእኛ ሰው ግን የሚመጣው የራሱን ጤና ፍለጋ ነው።

የአገልግሎቱ ሥርዓት በአብዛኛው የጎጃም ጠበል ቦታ ከሚታወቀው አይለይም። እህል ውኃ ሳይቀምሱ በማለዳ መድረስ፣ ነጠላ ለብሶ ተራ መያዝ፣ ጫማ ማውለቅ ያስፈልጋል። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቀኗ እስኪያልፍ ትቆያለች። ለመጠመቂያ የሚጠየቅ ክፍያ የለም፤ ጧፍና ዕጣን ወይም ስለት የሚያስገባ ሰው እንደ አቅሙና እንደ ፈቃዱ ያደርጋል። ውኃው ሲያርፍብዎ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ራስን አስለምዶ ለመቅረብ የሚመች ቅዝቃዜ አይደለም። ከተጠመቁ በኋላ በፀሐይ ላይ ተቀምጦ መድረቅ፣ ከዚያም በሶ መበጥበጥ ወይም ቆሎ መቆርጠም ነው።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ አባቴ ካረፈ በኋላ የያዘኝ ፍርሃት ነበር። ሲመሽ ልቤ ይመታል፣ ደረቴ ይጨነቃል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስለኛል። ባሕር ዳር የታየሁበት ሐኪም ክኒን አዝዞልኝ እየወሰድኩ ነበር። ክኒኑን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበርና ጠበሉ ቦታ ያነጋገሩኝ አባት ዓይናቸው ቋጠሮው ላይ አረፈ።

«መድኃኒት ትወስጃለሽ ልጄ?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያውስ በጠበሉ ዋጪው።»

ይህ አጭር ንግግር ለእኔ ከጉዞው ሁሉ በላይ ዋጋ ነበረው። ከዚያ በፊት ዘመዶቼ በወሰዱኝ በሌላ የጠበል ቦታ፣ ክኒን የያዘ ሰው እምነት እንደ ጎደለው ተቆጥሮ በሰው ፊት ሲወቀስ አይቻለሁ፤ እኔም የያዝኩትን ደብቄ ነበር የተጠመቅሁት። የሚደበቅ ነገር ይዞ የሚጠመቅ ሰው ደግሞ እንዴት ልቡ ያርፋል? ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከመንደር ወሬ ይልቅ ግልጽ ናት። የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበል ሲጀምሩ መድኃኒታቸውን በሚጥሉበት በዚያ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007፣ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጠበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለጭንቀትም፣ ለሚጥልም በሽታ፣ ለስኳርም ያው ነው። ወደየትኛውም ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒትዎን ያቁሙ ቢባል ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቆም አጥብቄ አሳስባለሁ።

በገድላቸው እንደሚተረከው፣ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የንጉሥ ጭፍሮች ሊያስሯቸው በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ምንጭ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ለዓመታት ታስረው ሲመለሱም ውኃው መጻሕፍቱን ሳያረጥብ መለሰላቸው። ታሪኩን የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው መጻሕፍቱ አለመርጠባቸውን ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ወደ እስር የሚነዳ ሰው የሚወደውን ነገር እንደሚመለስበት አድርጎ በአደራ ማስቀመጡ። ድፍረት ማለት አለመፍራት ቢሆን ኖሮ እንደ እኔ ላለው ሰው ምንም ተስፋ አልነበረውም። እየፈሩም አደራን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ መራመድ ከሆነ ግን ሊሞከር ይችላል፤ ሌሊት ልቤ ሲመታ የማስበውም ይህንኑ ነው።

ይሁንና ከሁሉ በላይ የረዳኝ ወረፋው ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል፤ በዚያ ቀን የሚነበበው ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው በሽታውን አልተናገረም፤ ያለው «ሰው የለኝም» ነው። በጠበል ወረፋ ላይ ግን ሰው አለ። ከቋሪት የመጡ አንዲት እናት፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱና የሽምብራ ቆሎ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጥፈው አስጨበጡኝ። «ስትደርቂ ትበያለሽ፤ እስከዚያ ያዥልኝ» አሉኝ። የልጃቸውን ሞት የነገሩኝ በኋላ ነው፤ እኔም የአባቴን ነገር ሳላለቅስ የተናገርሁት ያኔ ነበር። እዚያ ማንም ማንንም ምን ነካህ ብሎ በጥርጣሬ አያይም፤ ሁሉም ታሞ ነውና የመጣው። በከተማ ቤታችን ዘግተን የምንሸከመውን ሸክም እዚያ ሰዎች እየተቀባበሉ ሲሸከሙት አይቻለሁ።

ስለ ማረፊያ ያለኝ አስተያየት ግን እንዲህ ያማረ አይደለም። ያረፍኩበት ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ፍራሹ እርጥብ፣ መጸዳጃው የማያስገባ ነበር፤ የቀን ሒሳቡም ሲመሽ ሌላ ሲነጋ ሌላ ይሆናል። ከመግባት በፊት ዋጋውን መስማማት፣ የራስን አንሶላና ለጠበል የሚሆን ንጹሕ ጀሪካን ይዞ መሄድ ይሻላል። ሱባኤ ለመግባት የሚያስብ ሰውም ሰባቱን ቀን የሚበቃ ስንቅ ከቤቱ ቢያዘጋጅ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ጥር 13 ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ብዙ ነው። ክብረ በዓሉን ማየት ለሚፈልግ ደስ የሚል ጊዜ ነው፤ ግርግር ለሚያስጨንቀው ሰው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ያለው የበጋ ወቅት ይመረጣል። በዚያ ጊዜ ወረፋው አጭር ስለሚሆን ካህናቱን ቁጭ ብሎ ለማነጋገርም ፋታ ይገኛል። ጠበሉን የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከንስሐ አባቱ ጋር ቀጠሮ ቢይዝ፣ የሐኪም ቀጠሮውንም ባያሳልፍ መልካም ነው፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አድርጌያለሁ።