ፑንቲና፣ ሞጁል ወይስ ሙሉ ዲስትሪቢውተር? የድሮ መኪና እሳት ሲያጣ የትኛውን ልግዛ?

መኪናዬ ስትሞቅ ትጠፋ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆማ ስትበርድ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። "ሞጁሉ ነው" አሉኝ፤ በፑንቲና ፋንታ ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ እሳት የሚያስነሳው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ማለታቸው ነው። እኔም አምኜ አዲስ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ደግማ መንገድ ላይ ቆመች። ያኔ ነው ቴስተር አውጥቼ ወደ ሞጁሉ የሚገባውን ቀይ ሽቦ የለካሁት፤ 12 ቮልት መሆን ሲገባው ከ8 ብዙም አይበልጥም። ፋብሪካው ቦቢናውን (የባትሪውን 12 ቮልት ካንዴላ ላይ እሳት ወደሚያወጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለውጠውን) ከሙቀት ለመጠበቅ መስመሩ ላይ ሬዚስታንስ ያለው ሽቦ ዘርግቷል፣ ሞጁሉን የገጠመው ሰው ደግሞ ከዚያው ሽቦ መጨረሻ ቀጥሎታል። በካም እየተከፈተና እየተዘጋ ለሚቆርጠው ለፑንቲና ምንም አይደለም፣ ለኤሌክትሮኒክ ዕቃ ግን ረሃብ ነው። ሁለቱም ሞጁሎች ጤነኞች ነበሩ።

ይህን ያስቀደምኩት የትኛው ዕቃ ይሻላል ከማለት በፊት የአሁኑ በእርግጥ መሞቱ መታወቅ ስላለበት ነው። የሚያስፈልገው 12 ቮልት አምፖል የተገጠመለት መፈተሻና ቴስተር ብቻ ነው። የመፈተሻውን አንድ ጫፍ ቦዲ ላይ አሳርፋችሁ ሌላውን የቦቢናው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉና ሰው ሞተሪኖውን ይምታላችሁ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው ወይም ሞጁሉ እየቆረጠ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው፦ ቦቢናው፣ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ ክዳን፣ ውስጡ የሚዞረው ሮተር፣ የካንዴላ ገመዶቹ። ሳይቋረጥ በርቶ ከቀረ ሞጁሉ መስመሩን ከግራውንድ እያገናኘ አይደለም፤ ሽቦው ተበጥሷል፣ ግራውንድ አጥቷል ወይም በእርግጥ ሞቷል። ጭራሽ ካልበራ መጀመሪያ የቦቢናውን ፖዘቲቭ ለኩ። እዚያ ቮልት ካለ ቦቢናው ውስጡ ተበጥሷል ወይም ሞጁሉ ከግራውንድ እንደተገናኘ ቀርቷል፤ የሞጁሉን ሽቦ ከኔጋቲቩ ነቅላችሁ ደግማችሁ ብትሞክሩ ይለይላችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እሳት መኖሩን ለማየት የካንዴላ ገመድ ነቅሎ አየር ላይ ማንጠልጠል የድሮ ልማድ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሲስተም ላይ አታድርጉት። መውጫ ያጣ ቮልቴጅ በቦቢናው ወይም በሞጁሉ በኩል ይወጣል። ገመዱን ትርፍ ካንዴላ ላይ ሰክታችሁ የካንዴላውን አካል ሞተሩ ላይ አስነኩት።

አሁን ወደ ምርጫው።

ፑንቲና የአሜሪካው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ከመቶ ዓመት በፊት ካዲላክ ላይ ካስገባው የባትሪ ሲስተም ብዙም ያልራቀ ነገር ነው። ትልቁ ጸባዩ ሳይናገር አለመሞቱ ነው። በካሙ ላይ የሚንሸራተተው ጫማ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ታይሚንጉ (እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሚኒሞው ይረበሻል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። ሳምንታት አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ መንገድ ላይ ቢቆምም በጥፍር መሞረጃ ተጠርጎ ቤት ያደርሳል። ደካማ ጎኑ ዛሬ የሚሸጡት ኮንደንሰሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከካርቶን ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ ይከዳሉ። የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ የሚላወስ ከሆነም ክፍተቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስተካክሉ አይረጋም።

ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ በፑንቲናው ቦታ የሚገባው ትንሽ ሞጁል ብዙ ሰው የሚገዛው ነው። እንደ ፐርትሮኒክስ ያሉት በማግኔት ቀለበትና ማግኔቱ ሲያልፍ በሚያውቅ ሆል ሴንሰር ይሠራሉ፤ እንደ ሉሜኒሽን ያሉት ብርሃን በሚቆርጥ ሳህን። የሚበላ ጫማ የላቸውም፤ በትንሹ የሚላወስ ዘንግንም ከፑንቲና በተሻለ ይታገሣሉ። ነገር ግን ሲሞቱ ድንገት ነው፣ መጥረጊያም አያድናቸውም። ሻጩ የማይነግራችሁ ደግሞ የቦቢናውን ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የፐርትሮኒክስ ኢግኒተር በ12 ቮልት ላይ ለአራትና ለስድስት ሲሊንደር ቢያንስ 3 ኦም፣ ለስምንት ሲሊንደር ቢያንስ 1.5 ኦም ፕራይመሪ (በቦቢናው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል የሚለካ) ይፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ቦቢና ሲገጠምለት ብዙ ከረንት ይስብና ይቃጠላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ እንደተከፈተ ሲቀርም እንዲሁ ነው፤ ሬዲዮ ለመስማት ቁልፍ ከፍተው የሚቀመጡ ሰዎች ስንቱን እንደገደሉ እነሱ ራሳቸው አያውቁም። ኢግኒተር ሁለት እስከ 0.45 ኦም የሚወርድ ቦቢና ይቀበላል፣ ለተረሳ ቁልፍም መከላከያ አለው። የዋጋው ልዩነት ከተመቻችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ከማዘዛችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። እስከ 1960ዎቹ የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ፖዘቲቩ ነው ቦዲ ላይ የሚያርፈው፤ ብዙ የድሮ ቮልስዋገን ቢትሎች ደግሞ 6 ቮልት ናቸው። ለተራው ኔጋቲቭ ግራውንድ የተሠራ ሞጁል አንዴ ተገልብጦ ከተገናኘ ሊያበቃለት ይችላል። መዳብ ብቻ የሆነ የካንዴላ ገመድ ካላችሁም ሬዚስታንስ ባለው ቀይሩት፤ የሚረጨው ጣልቃ ገብ ሞገድ ሞጁሉን ያደናግረዋል።

ከፋብሪካው ኤሌክትሮኒክ ሆኖ የወጣ መኪና ካላችሁ ግን ወደ ሌላ አትሩጡ። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1973 ኤሌክትሮኒኩን መደበኛ አድርጎታል፣ ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ደግሞ ኤችኢአይ የሚባለውን የራሱን ሲስተም በ1975። ሁለቱም ክፍል በክፍል ስለሚጠገኑ አንድ ዕቃ ሲሞት ሁሉንም መግዛት የለባችሁም። የክራይስለሩ መኪና ሞተሪኖ ሲመታ ተነስቶ ቁልፉ ሲለቀቅ ከጠፋ ከሞጁሉ በፊት ነጩን የሴራሚክ ሬዚስተር ጠርጥሩ፤ ርካሽ ነው፣ በደቂቃም ይቀየራል። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ሆኖ ለሞጁሉ ምልክት የሚሰጠው የማግኔት መጠምጠሚያ ከ150 እስከ 900 ኦም ማንበብ አለበት፣ በእሱና በሚዞረው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተትም 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የሚለካው ማግኔት በማይስበው የነሐስ ላማ ነው። በኤችኢአይ ላይ መጠምጠሚያው ከ500 እስከ 1500 ኦም ይሆናል፤ እየለካችሁ የቫኩም ክንዱን (ታይሚንጉን በሞተሩ መምጠጥ የሚያንቀሳቅሰውን) አንቀሳቅሱት፣ የተሰነጠቀ ሽቦ የሚጋለጠው ያኔ ነው። አዲስ የኤችኢአይ ሞጁል የምትገዙ ከሆነ ከሥሩ የሚቀባውን ሙቀት አሳላፊ ግሪስ አትርሱ። ያለሱ የተገጠመ ሞጁል ሙቀቱን ለብረቱ ማስረከብ ስለማይችል ራሱን ያበስላል፤ ከዚያ "ዕቃው ጥሩ አይደለም" ይባላል።

123 የሚባለውን ብራንድ የመሰለ ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢውተር ውድ ነው፣ ግን ዘንጉ ለተበላ ሰው እውነተኛው መልስ እሱ ነው። ታይሚንግ የሚያስቀድሙት ስፕሪንጎችና ክብደቶች የሉበትም፤ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ነው የሚያሰላው፣ ለሞተራችሁ የሚስማማውንም የታይሚንግ መስመር ትመርጡለታላችሁ። ዘንጉ በሚላወስ ዲስትሪቢውተር ውስጥ ውድ ሞጁል መክተት ግን በተቀደደ ጎማ ላይ አዲስ ካላማዳሪ እንደ መግጠም ነው።

እንደ ኤምኤስዲ ያሉ፣ ኤሌክትሪኩን በካፓሲተር አጠራቅመው የሚለቁ ሳጥኖች ላይ ብዙ አልቆይም። በዝቅተኛ ዙር ደጋግመው እሳት ይሰጣሉ፣ ለውድድር ሞተር ጥሩ ናቸው። ለሰንበት ሽርሽር የሚወጣ መኪና ግን የሚጨምሩለት ከሽቦ ብዛት ሌላ ያን ያህል የለም።

እኔ ዘንጉ ጤነኛ ለሆነ ዲስትሪቢውተር በትክክለኛው ቦቢናና ከቁልፉ በቀጥታ በሚመጣ 12 ቮልት የሚሠራ ሞጁል እመርጣለሁ። የወለቀውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ ክፍተቱን አስተካክዬ ሳህኑ ላይ እንዳለ ከአንድ ጠፍጣፋ መፍቻ ጋር ዳሽቦርድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሞጁሉ ሩቅ ቦታ ቢሞት በሩብ ሰዓት ይመለሳል። ይህን የምታደርጉ ከሆነ 0.6 ኦም ቦቢና አትግጠሙ፤ በዚያ ከረንት ፑንቲናው ቤት ሳያደርሳችሁ ይቃጠላል።