የፒቪሲ ኮርኒስ ከአስር ወር በኋላ

የምንኖርበት ቤት የጭቃ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የሳሎኑ ኮርኒስ ደግሞ ችፑድ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ችፑዱ ላይ ቡና የተደፋበት የሚመስል እድፍ ይወጣል፤ ቆይቶ ይረግባል። ባለፈው ግንቦት ከሶፋው በላይ ያለው ችፑድ ውሃ አዝሎ ተገንጥሎ ሲወርድ፣ በቃ ይቀየር አልን።

የያዝነው ብር ትንሽ ነበር። ጂፕሰም አምሮን ነበር፤ ግን ውሃ ስለሚያበላሸው ለሚያፈስ ጣሪያ አይሆንም። አዲስ ችፑድ ርካሽ ነው፤ ቀለም ይፈልጋል፣ ሲረጥብም ያው ነው። ፒቪሲ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ ቀለምም አይፈልግም። እሱን መረጥን።

ሂሳቡ ላይ ግን ተሳስቻለሁ። ሳሎናችን 4 በ5 ነው፤ 20 ካሬ። የካሬውን ዋጋ በ20 አባዝቼ መርካቶ ሄድኩ። ያገኘሁት ባለ 6 ሜትር ሆነ፤ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር። ርዝመቱን በ5 ሜትሩ በኩል ስናደርገው 16 ፍሬ ይፈጃል። ይህ 24 ካሬ ነው፤ ከእያንዳንዱ 1 ሜትር ተቆርጦ ይተርፋል። በ4 ሜትሩ በኩል ቢሆን 20 ፍሬ ሊገባ ነበር! ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን በሁለቱም በኩል አስሉት። ቁርጥራጩንም አትጣሉት። እኛ አንድ ሜትር የማይሞላውን ኮሪደራችንን በእሱ ሸፍነንበታል።

ሌላው ወጪ ሞራሌው፣ ማለትም ኮርኒሱ የሚመታበት እንጨት ነው። የድሮውን ምስጥ በልቶት ስለነበር ሁሉም ተቀየረ። ሚስማሩ፣ የጠርዝ መዝጊያውና የአናጢው የእጅ ዋጋ ሲደመር ከፒቪሲው ዋጋ ብዙም አላነሰም።

ክረምቱን እንዴት አለፈው? አልረገበም፣ እድፍም አልያዘም። ግን ይደብቃል። ሐምሌ ላይ ከቆርቆሮው የሚያፈሰው ውሃ ኮርኒሱ ላይ ተጠራቅሞ በአምፖሉ ቀዳዳ ወረደ። ልጆቹ ከሥር ተቀምጠው ነበር። ደንግጬ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁት። ችፑድ ቢሆን እድፉ ቀድሞ ይነግረን ነበር። በማግስቱ ቆርቆሮው ላይ የላሉትን ሚስማሮች አስቀየርን፣ ቀዳዳውንም አስደፈንን። ወጪው ከኮርኒሱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ከሁሉም በፊት መሠራት የነበረበት እሱ ነው።

ዝናብ ሲጥል ድምፁ ከድሮው ይበልጣል፤ ቴሌቪዥን አያሰማም። ከቡናና ከዕጣን ጭስ ትንሽ ቢጫ ብሎ ነበር። ለገና እናቴ በሳሙና ውሃ ስትወለውለው ነጭ ሆነ። ይህን በጣም ወድጄለታለሁ።

ወጥ ቤቱን ግን ፒቪሲ አላደረግነውም፣ አናደርገውምም። የምናበስለው በከሰልና በእንጨት ነው። ፒቪሲ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ከተቃጠለም ጭሱ መርዛማ ነው።

አሁን የቀረን መኝታ ቤቱ ነው። 3 በ3 ተኩል ስለሆነ ባለ 6 ሜትሩ ለሁለት ሲቆረጥ ልክ ይመጣል፤ 7 ፍሬ ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን ቆርቆሮውን የሚያይልን ሰው እናወጣለን።